ቺፕሱን ያልቀመሱት ሽማግሌ

ሽማግሌ ሆኜ ስላክ የመጀመሪያዬ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች፣ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ሴት ለሽምግልና ትፈለጋለች ብሎ ማን ያስባል? ጋሽ ኃይለመለኮት ግን እሑድ ረፋድ ላይ በሬን አንኳኩተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «ነጃት፣ ዛሬ ሥራ ገቢ ነሽ?» አሉኝ።

«ኦፍ ነኝ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ነሽ።»

የተሾምኩት እንዲህ ነው።

«ምነው ጋሼ፣ ወንድ ጠፋ?» አልኳቸው።

«ወንዱማ ሞልቷል። የጠፋው ወሬ የማያወጣ ነው።»

ይህን ሲሉኝ ልቤ ትንሽ ሞቅ ብሎት ነበር፤ አልዋሽም። ኋላ እንደሰማሁት ግን ከእኔ በፊት ሦስት ወንዶች ጠይቀው ሦስቱም ሥራ ነን ብለዋቸዋል።

ነገሩ የየሺሀረግና የባሏ የፍሰሐ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው ሁላችንም የምንኖረው፤ እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እነሱ ከእኔ ፊት ለፊት፣ ጋሽ ኃይለመለኮት አንደኛ ፎቅ ብቻቸውን። የሺ አምስት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ስትንከባከብ፣ ማታ ማታ ስትማር ቆይታ በግንቦት ነርስ ሆና ተመረቀች። ለምርቃቱ ሁለት መግቢያ ተሰጣት፤ አንዱን ለእኔ ሰጠች፣ አንዱን ለፍሰሐ። እኔ ተገኘሁ። የፍሰሐ ወንበር ባዶ ሆነና ሰው እንዳያየው ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት። ኡበር ነው የሚነዳው፤ ማታ ሲገባ «ደለስ ኤርፖርት ሰው ሳደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ትራፊክ ያዘኝ» አላት። እሷ ምንም አላለችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ቤት ውስጥ ዝምታው ሲበዛበት በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የአጎቱ ልጅ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት፣ ገባ። ይኸው ሦስት ወሩ።

ልጅ የላቸውም፤ መሐል የሚገባው ጎረቤት ብቻ ነው። እኛም ነገ ዛሬ ስንል ከረምን። ቅዳሜ ነው ጋሽ ኃይለመለኮት የሰሙት፦ ፍሰሐ እዚያው አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት አግኝቷል፤ ሰኞ ጠዋት የአንድ ዓመት የኪራይ ውል፣ ሊዝ፣ ይፈርማል።

«ከፈረመ አለቀ» አሉኝ። «በዚህ አገር ሰው ለሚስቱ የገባውን ቃል ያፈርሳል እንጂ ለሊዝ የገባውን አያፈርስም።»

ሽማግሌ ወግ አለው፤ የሚሄደው ወደ ሰው ቤት ነው። ግን ፍሰሐ ያለበት ቤዝመንት ያለው አንድ ወንበር ነው ይባላል። ሀበሻ ምግብ ቤት እንዳንቀጣጠር ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ያው ናቸው፤ ጥብሱ ሳይበስል ወሬው ከተማ አቋርጦ በልትስቪል ይደርሳል። መላ ያመጣው ፍሰሐ ራሱ ነው። «አንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት አለ፤ ሀበሻ አይገባበትም» አለ በስልክ። በዚህ አገር አቆጣጠር ለአራት ሰዓት ተቀጣጠርን።

የምትነዳው የሺ ነበረች። ሰባት ሰዓት ላይ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ስለምትገባ ሰማያዊውን የነርስ ልብስ ከጃኬቷ ሥር ለብሳዋለች። ሦስት ሰዓት አልፎ ልንነሳ ስንል ጋሽ ኃይለመለኮት «አንዴ ቆዩኝ፣ መርፌዬን ረሳሁ» ብለው ተመለሱ። የስኳር ናቸው፤ ከምግብ በፊት ኢንሱሊን ይወጋሉ። ያን ጊዜ የሺ መኪናውን ልታመጣ ሄዳለች፤ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ ልቤ ሜክሲኮ ቤት በሚበላው ነገር ላይ ነበር።

መንገዱ አላስቀምጥ አለን። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ የሺ ከመስመር መስመር ትዘላለች፤ ጋሽ ከፊት ተቀምጠው በየጊዜው እግራቸውን ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው ይዘረጋሉ።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ለእርቅ ነው የምንሄደው።»

«እኔ የምሄደው ለሥራ ነው ጋሼ። በመንገዴ ላይ ነው ወደ እርቃችሁ የማደርሳችሁ።»

«አንቺን ነው የምናስታርቀው።»

«አሃ። እኔም አለሁበት ለካ።»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆመ። ሃያ ደቂቃ ወንዙን ስናይ ቆየን። የሺ መሪውን በጣቶቿ ትደበድባለች፤ ሬዲዮ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ይሄኔ ተቀምጦ ትራፊክ ያዛቸው እያለ ይሆናል» አለች።

ምግብ ቤቱ በላውንደሪና በጎማ ቤት መካከል ነው። ከጣሪያው ለጌጥ በመቀስ የተቆራረጠ ባለቀለም ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል። እኛ ዘግይተን ደርሰን ፍሰሐ ጭራሽ ገና አልመጣም። ግላዲስ የሚል የስም ባጅ ደረቷ ላይ ያደረገች በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አስቀመጠችን፤ ወዲያው ሳናዝ አንድ ቅርጫት ትኩስ የበቆሎ ቺፕስና ሁለት ሳሕን ሳልሳ፣ የቲማቲም ማጥቀሻ፣ ዘረገፈችልን።

እኔ ይህን ቤት አውቀዋለሁ፤ ይህንን ባይሆን ወንድሙን። ሆቴሉ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩት የሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ በፊት ስፓኒሽ ነው የቻልኩት። «የአሳማ ነገር ያለበትን ንገሪኝ» አልኳት በቋንቋዋ። ግላዲስ ፊቷ በራ። ባቄላው በአሳማ ስብ የተጠበሰ ነው፣ ሩዙ ደህና ነው፣ ዶሮው ደህና ነው እያለች ዘረዘረችልኝ። ጋሽ ኃይለመለኮት በመገረም አዩኝ።

«ይህቺ ሴት ሦስት ቋንቋ ትችላለች እንዴ?»

«አራት። ሶማልኛዬን አልቆጠሩትም። ድሬዳዋ ተወልዶ በአንድ ቋንቋ የሚኖር የለም ጋሼ።»

እጄን ወደ ቺፕሱ ስሰድ በባርኔጣቸው ጫፍ መታ አደረጉኝ። «ሽማግሌ ነሽ። ጉዳዩ ሳያልቅ እህል አይቀመስም።»

«ይሄ እህል ነው? ቺፕስ እኮ ነው።»

«በቆሎ እህል አይደለም?»

እጄን ሰበሰብኩ።

ፍሰሐ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ገባ። ከስቷል። አንገቱ ላይ ሸሚዙ ሰፍቶታል። የሺን ሲያይ ዓይኑን ወደ ኳሱ አዞረ፤ እሷም ሰዓቷን አየች። ጋሽ ኃይለመለኮት ብድግ አሉ፤ እኔም ብድግ አልኩ፤ ወጉ ነው።

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ» አለ ፍሰሐ ጉልበታቸውን ስሞ።

«አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። እሺ ሳትለን አንቀመጥም።»

«ቤት ውስጥ እኮ አይደለንም፤ ሰው እያየ ነው።»

«ይይ እንጂ። ሽማግሌ የሚቆመው እንዲታይ ነው።»

ግላዲስ እየሮጠች መጣች። ጠረጴዛው ያልተመቸን መስሏት መስኮት አጠገብ ያለውን አሳየችን። ጋሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአየር ማቀዝቀዣው ከሆነ ብላ ደግሞ ወደ ጥግ ወሰደችን፤ ጋሽ እዚያም ሄደው ቆሙ። እኔም ተከትዬ ቆምኩ። ባለቤቱ ከገንዘብ መቀበያው ወጥቶ መጣ። አጠገባችን ልደት የሚያከብሩ ሰዎች መብላት አቁመው ያዩናል። የሺ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ግንባሯን በእጇ ይዛለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየኝም።

«ጋሼ፣ በልደታ ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ» አለ ፍሰሐ። «የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ።»

«ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት አሰቡና ወደ ጠረጴዛችን ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ፣ የመቆሙን ወግ በከንቱ እንዳልለቀቁት ለማሳየት ይመስለኛል፣ ጣታቸውን አነሱ። «ግን ሁለታችሁ ታርቀናል ሳትሉ እህል ውሃ በአፌ አይዞርም። መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው።»

እኔ ቺፕሱን አየሁት። እንፋሎቱ እየጠፋ ነበር።

ወሬው ተጀመረ፤ ከተጀመረ ደግሞ እንደ ቤልትዌዩ ሆነ፤ ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ጋሽ ስለ ትዳር ትልቅነት ሰፋ አድርገው ተናገሩ። ፍሰሐ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ እግሩ ግን ከጠረጴዛው በታች ስለማያርፍ ሳልሳው በሳሕኑ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«ምን አጠፋሁ እኔ?» አለ በመጨረሻ። «ትራፊክ ያዘኝ። ትራፊክ የያዘው ሰው ወንጀለኛ ነው?»

«አይደለም» አለች የሺ።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምንም። ትራፊክ ይዞህ ነው።»

«ይኸው ጋሼ፣ እንዲህ ነው የምትለኝ። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ 'እሺ፣ ትራፊክ ይዞህ ነው'። ሰው በዚህ ዓይነት አነጋገር ወደ ቤቱ ይመለሳል?»

«ምን ልበልህ? ትራፊክ አልነበረም ልበልህ?»

ፍሰሐ ስልኩን አነሳ፣ አስቀመጠ። የሺ ደግሞ ሰዓቷን አየች፤ አምስት ተኩል ሊሆን ነው፣ ስድስት ላይ መነሳት አለባት። ግላዲስ ለአራተኛ ጊዜ መጥታ ወረቀትና እስክሪብቶዋን ይዛ ቆመች። ከላያችን ትሂድልን ብዬ ፋጂታ ለአራት ሰው አዘዝኩ፣ ዶሮና የበሬ ሥጋ ተደባልቆ፤ ፍልሰታም ከተፈታ ሳምንት አልሞላውምና ማንም አይጾምም።

ያ ፋጂታ እንዴት እንደሚመጣ የሚያውቅ ያውቃል። ብረት ምጣዱ እየጮኸ፣ እየጨሰ፣ ከወጥ ቤት እስከ ጠረጴዛ ሰው ሁሉ አንገቱን እያዞረለት። እንዳንታይ ብለን የመጣን ሰዎች ነን እንግዲህ። ከመሐላችን ተቀመጠ፣ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እጁን የዘረጋ የለም።

«አልጣማችሁም?» አለችኝ ግላዲስ በስፓኒሽ፤ ቅር ብሏታል።

«አልቀመስነውም። እነዚህ ባልና ሚስት ተጣልተው ነው። ሽማግሌው ካልታረቁ አልበላም ብለው ምለዋል።»

ጋሽን አየቻቸው፤ ከዚያ ባልና ሚስቱን። ትኩሱን ቶርቲያ፣ ቂጣቸውን፣ በጨርቅ ሸፈነችው። ትንሽ ቆይቼ ሳይ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ሦስት ባለነጭ ቆብ ራሶች ተደርድረዋል።

«እኔ የጠየቅኩህ አንድ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ነው» ትላለች የሺ። ድምፅዋ አልጨመረም። «አበባ አላልኩህ፣ ድግስ አላልኩህ። አንድ ወንበር። ስሜ ሲጠራ ቀና ብዬ ሳይ የነጃትን ቦርሳ አየሁ።»

«ጥሩ ቦርሳ ነው» አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጭንቅ ሲለኝ እንዲህ ነኝ።

«ይብላኝ ለእናንተ» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት። ትንሽ ቆዩና «ይብላኝ ለእናንተ» አሉ ደግመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ የሺ፣ ይህን መስኮት ክፈቺው» አሉኝ።

«እኔ ነጃት ነኝ ጋሼ።»

«መስኮቱን ክፈቺው አልኩሽ።»

ግንባራቸው ውሃ ሆኗል። የፋጂታው ሙቀት መስሎኝ በናፕኪን ላራግብላቸው ስነሳ የሺ ቀድማኝ ተነስታለች። እኔ የማውቃት የሺ አልነበረችም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ኩርፊያ በአንድ ጊዜ ተጠርጓል። እጃቸውን ያዘች፤ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ፣ ኢንሱሊን መቼ ነው የወሰዱት?»

«ስንወጣ።»

«ሦስት ሰዓት ላይ? ምሳስ?»

«እዚህ ልንበላ አይደል የመጣነው?» አሉ ቀስ ብለው። አፋቸው ተሳስሯል።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። መርፌያቸውን ሲሉ ሰምቼ፣ መሐላቸውን ሰምቼ፣ ሁለቱን አላገናኘሁም። አጠገቤ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ በወግ ሲጾሙ እኔ ስለ ቺፕስ ነበር የማስበው።

የሺ የደረት ኪሳቸው ውስጥ እጇን ከትታ የስኳር መለኪያቸውን አወጣች፤ ጣታቸውን ወጋች፤ ስኳራቸው ሃምሳ አንድ ድረስ ወርዷል። እኔ ግላዲስን ጠራኋት፤ ምን እንዳልኳት አላስታውስም፣ ብቻ በሩጫ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የታማሪንድ ጭማቂ አመጣች፤ እኛ ድሬዎች ሁመር የምንለውን፣ በስኳር የጠገበ። የሺ ወደ አፋቸው አስጠጋችው። ጋሽ ኃይለመለኮት ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ።

«ይጠጡ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምያለሁ።»

«መድኃኒት ነው፤ እህል አይደለም።»

«ውሃም ብያለሁ። መድኃኔዓለምን ጠርቻለሁ።»

«ጋሼ፣ ራስዎን ሊስቱ ነው።»

«እ…እምቢ።»

ስኳር ሲወርድ ሰው ግትር ይሆናል አሉ፤ ጋሽ ደግሞ ሳይወርድም ያው ናቸው። የሺ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ ፍሰሐ ዞረች። እሱም ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፣ በጠረጴዛው ዞሮ መጥቶ ጋሽ እግር ሥር ቁጢጥ አለ።

«ታርቀናል ጋሼ» አለ። «ይኸው ታርቀናል። ይጠጡ።»

ጋሽ ዓይናቸውን በግድ ገልጠው የሺን ፈለጓት። «አንቺስ?»

«ታርቀናል» አለች የሺ። «ይጠጡ።»

ጠጡ። መጀመሪያ በትንሹ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው። የሺ ሰዓቷን እያየች ቆመች፤ ፍሰሐ ወለሉ ላይ እንዳለ ቀረ። አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲህ ነበርን። እንደገና ስትለካቸው ሰማንያ ስድስት ሆነ። የፊታቸው መልክ ተመለሰ፤ ቁጣቸውም አብሮ ተመለሰ፤ «ምን ሆናችሁ ሁላችሁ የምታፈጡብኝ?» አሉ። የሺ ሩዝና ዶሮ በሳሕን አድርጋ ፊታቸው አኖረችላቸው። እኔም፣ እንግዲህ እርቁ ታውጇል፣ አንድ ቶርቲያ ጠቀለልኩ።

ሁለት ጉርሻ ያህል እንደበሉ ሹካቸውን አስቀምጠው ተነሱና መዳፋቸውን ዘረጉ። «ይህን የዛሬውን እርቅ ያጽናላችሁ፤ ቤታችሁን…»

አሜን ማለት ነበረብኝ። አፌ ሙሉ ስለነበረ ብቻ አልነበረም ያላልኩት። የሺን ሳያት ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተተክሏል።

«ጋሼ፣ ምርቃቱን ያቆዩት» አለ ፍሰሐ።

«ምን አልክ?»

«በውሸት ላይ እየመረቁ ነው።» ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እግሩ ቆሟል፤ ሳልሳው ሲያርፍ ነው ያወቅኩት። «ያን ቀን ደለስ አልሄድኩም። ትራፊክም አልያዘኝም። ኮሌጁ ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ።»

ጋሽ ኃይለመለኮት መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ሱፌን ለብሼ ነው የሄድኩት። ልወርድ ስል ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ አየኋት፤ ያን ጥቁር ካባ ለብሳ፣ እየሳቀች። እኔ አገሬ አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። እዚህ ከመጣሁ ማንም ስለ ፊዚክስ ጠይቆኝ አያውቅም፤ የሚጠይቁኝ ስንት ደቂቃ እንደሚቀር ነው። አሁን ሄጄ አጠገቧ ብቆም፣ እነዚያ ሴቶች 'ባልሽ ምን ይሠራል' ቢሏት ምን ትላለች አልኩ። እግሬ እምቢ አለኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያው ተቀምጬ ተመለስኩ።»

አጠገባችን ለልደተኛው ይዘፍናሉ።

«አውቃለሁ» አለች የሺ።

«ምኑን?»

«ፓርኪንግ ውስጥ እንደነበርክ። ሳትከፍል ስለቆምክ የፓርኪንጉ ካሜራ ታርጋህን ይዞት ነበር። ቅጣቱ በፖስታ እቤታችን ድረስ መጣ። ቀኑም ሰዓቱም የቆምክበት ቦታም ተጽፎበታል። ሁለት ወር ሆነው።»

«ታዲያ… ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ልንገርህ? የት እንደነበርክ እኔ ለአንተ ልንገርህ?» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ጠርተህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ሳትመጣ ቀረህ ብዬ አላዘንኩም እኮ። መጥተህ፣ ያን ያህል መጥተህ፣ ሃምሳ እርምጃ አቃተህ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ለፈተና ሳጠና ማታ ማታ ፊዚክስና ሒሳቡን ያስረዳኸኝ አንተ አይደለህም? 'ባልሽ ምን ይሠራል' ቢሉኝ የምለው ጠፍቶኝ ነው?»

ፍሰሐ ናፕኪኑን ማጠፍ ጀመረ። አራት እጥፍ፣ ስምንት እጥፍ አደረገው።

«እንግዲህ ታረቃችሁ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት በቀስታ፣ ወደ ሹካቸው እየተመለሱ።

«አይ ጋሼ፣ አልታረቅንም» አለች የሺ። «ያልነው እንዲጠጡ ነው። በስኳር መውረድ የተገኘ እርቅ አልፈልግም።»

ጋሽ ሹካውን መልሰው አስቀመጡት። «እንግዲያው መሐላዬ…»

«ሹካውን ያንሱ።»

«ልጄ፣ መድኃኔዓለምን…»

«ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ሹካውን ያንሱ። መሐላዎን ቄስ ይፈታልዎታል። ስኳርዎን ቄስ አይፈታውም።»

በዚያ ድምፅ ሆስፒታል ስትናገር ሐኪሞቹም የሚነሱ ይመስለኛል። ጋሽ ሹካውን አነሱ፤ ሩዟን እስከ መጨረሻዋ ለቀሟት።

ስድስት ሰዓት ሆነ። የሺ መኪና ቁልፏን ይዛ ቆመች፤ ግን አልሄደችም። «ዛሬ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ የሚለካቸው ሰው ያስፈልጋል» አለች። «እኔ እስከ ጠዋት አልወጣም። ልጃቸው እዚሁ ጀርመንታውን ናት፤ ልደውልላት።»

«ለሷ እንዳትነግሩ» አሉ ጋሽ። «ከሰማች አፓርትመንቴን አስለቅቃ ቤቷ ነው የምትወስደኝ። ነጃት አለችልኝ አይደል?»

እኔ ደም ሳይ እወድቃለሁ። ይህን ስናገር ሁሉም አመኑኝ፤ ቅድም ጣታቸው ሲወጋ ፊቴን ወደ ኳሱ አዙሬ እንደነበር ለካ አይተውኛል።

«እኔ አያቸዋለሁ» አለ ፍሰሐ።

የሺ ረጅም ጊዜ አየችው። «መለኪያውን ታውቀዋለህ?»

«አሳዪኝ።»

ቁልፏን አስቀመጠች። አጠገቡ ተቀመጠች፣ አዲስ መርፌ ከተተች፣ ከዚያ የጋሽን ሳይሆን የሱን እጅ ሳበች። የቀለበት ጣቱን በአልኮል ጠረገችው። ሦስት ወር ያልተነካካ ሰው እንዲህ በመርፌ ሲገናኝ አይቼ አላውቅም። «ከጎን ነው የሚወጋው፣ ከመሐል ያምማል» አለችው። ወጋችው። እሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔም ለአጋርነት ጨፈንኩ።

«ከሰባ ከወረደ ጭማቂ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ። ጻፈው። ሁሉንም ጻፈው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ስለ ሊዝህ አልጠየቅኩህም።» ተነስታ ሄደች። ምንም አልበላችም፤ ግላዲስ በሩ ላይ ደርሳ የተጠቀለለ ነገር በእጇ ስታስጨብጣት አየሁ።

እኛን ፍሰሐ በራሱ መኪና መለሰን። ጋሽ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ፍሰሐ በየመብራቱ እየዞረ አፍንጫቸው ሥር እጁን ያደርጋል፣ እንደሚተነፍሱ ለማወቅ። እኔ ደግሞ፣ ሽማግሌ ነኝና አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ ያመጣሁት ግን «ጋሽ ቤት ሶፋው ይነቃነቃል፣ ከግራው በኩል ተኛ» የሚል ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ እጋደማለሁ። ጠዋት ሊዙን የሚፈርመው በአሥር ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለጋሽ ሲለካ ቆይቶ በጠዋት አሌክሳንድሪያ ሄዶ ቢፈርም ማን ይከለክለዋል? ማንም። አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ቤት በአንድ ቀላል ፊርማ።

ሰኞ ጠዋት ስምንት ሰዓት ሲሆን ሻይ በፔርሙስ ይዤ አንደኛ ፎቅ ወረድኩ። ጋሽ ተላጭተው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። ፍሰሐ ዓይኑ ደም መስሎ ቆሟል። የሺ ከሥራ ቀጥታ መጥታ ኖሮ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አንድ ወረቀት ታያለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ግራፍ። ታች ሰዓቱ ነው፣ በጎን ስኳሩ።»

እውነትም በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ነጥቦቹ ክብ ተደርገውባቸው፣ በቀጭን መስመር ተያይዘዋል። ከእንቅልፍ ጋር ሲታገል የተሠራ አይመስልም።

«የአራት ሰዓቱ የታል?»

«እንቅልፍ ወሰደኝ። አራት ከሃያ ላይ ነው የለካሁት። እዚያው ነጥቡን ከሃያው ላይ አድርጌዋለሁ።»

የሺ ጣቷን በመስመሩ ላይ ሄደችበት። ለነርስነት ፈተና ስታጠና ወጥ ቤታቸው በር ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ተለጥፎ ማየቴ ትዝ አለኝ። «አራት ሰዓት ብለህ ልትዋሽ ትችል ነበር» አለች።

«እችል ነበር።»

የሺ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ሻይ ቀዳሁ፤ ለአራቱም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ስልኩ ያን ጊዜ ጮኸ። ፍሰሐ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ የአሌክሳንድሪያው የሊዝ ሰውዬ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለህ ወይ ሊለው ይሆናል። እኛ ሦስታችን ሻያችንን ይዘን ወደ ሻያችን አየን።

«ሄሎ» አለ። ትንሽ ሰማ። «ይቅርታ፣ ዛሬ አልመጣም።»

«ዛሬ ምን ማለት ነው?» አለች የሺ በአማርኛ፣ ከሻይዋ ቀና ሳትል። «አልመጣም በለው።»

ፍሰሐ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀ። አያት። እሷ ስኳር እያማሰለች ነው። ስልኩን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገ።

«አልመጣም» አለው። «ቤቱን ለሌላ ሰው ስጠው።»

ሰውዬው ምክንያቱን ሳይጠይቀው አልቀረም፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። ፍሰሐ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ፊዚክስ እንደሚያስተምር ሰው ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ «ባለቤቴ ነርስ ናት» አለው። ከሊዝ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እኔ እንጃ።